ግራ የገባው ፔዳል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ያለ ነው፤ ቡና ካፈላችሁ በኋላ ብታነቡት ይሻላል። ርዕሱ ብሎን ነው። አዎ፣ የብስክሌት ብሎን። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች "ጋሼ ጡረታ ወጥቶም አልተወንም" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

በቅርቡ ለለቅሶ ጉቴ ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ወጣ ብዬ እግሬን ሳፍታታ መንገድ ዳር አንድ ልጅ አየሁ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ የግራውን ፔዳል ለመፍታት ይታገላል። ቁልፉ ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎበታል።

"ቆይ ልጄ! እያጠበቅከው እኮ ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና "አይ አባባ፣ ዝጎ ነው እንጂ እየፈታሁት ነው" አለኝ።

እሱ ያዞር የነበረው ብሎን ሁሉ በሚፈታበት አቅጣጫ ነው። ያንኑ ቧንቧ ተቀብዬ ወደ ተቃራኒው ስገፋው ጭርር ብሎ ተለቀቀ። ልጁ ሳቀ፤ አስማት መሰለው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከዚያ ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1968 ዓ.ም. ያደረግኩት ነገር ትዝ አለኝ።

ያኔ 13 ዓመቴ ነበር። አጎቴ የጤና ረዳት ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። በየገጠሩ እየዞረ ስለሚያክም አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌት ነበረው። ፔዳሎቹ አርጅተው መንቋቋት ሲጀምሩ ከነቀምቴ አዲስ ጥንድ ገዝቶ መጣና "መካኒኩ ጋ ወስደህ አስቀይርልኝ" ብሎ ላከኝ።

መካኒኩ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ ያን ዕለት ገበያ ሄደዋል። የነበረው ረዳታቸው ብቻ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ ምናልባት በአንድ ዓመት ቢበልጠኝ ነው። አሮጌዎቹን ፔዳሎች ፈታ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ጠረገና "ውሃ ቀድቼ ልምጣ፤ እንዳትነካው" ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ችኩል ነበርኩ። ሁለቱን ፔዳሎች አየኋቸው፤ መንታ ናቸው። ደስ ያለኝን አንሥቼ ወደ ግራው አስገባሁ። በእጄ አልዞር አለኝ። ቁልፍ አመጣሁ። አሁንም እምቢ አለ። ከዚያ ረጅሙን ቁልፍ አመጣሁና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ገባ! አራት አምስት ዙር እየተንቋቋ ገባ። ሌላውንም በቀኝ በኩል እንደዚያው አስገደድኩት። ልጁ ሲመለስ ሁሉም ነገር አልቋል።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ቁልቁለቱን ሲወርድ የግራው ፔዳል ከነጥርሱ ተነቅሎ ወጣ። ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ወር ከምናምን አልጋ ላይ ዋለ።

ሽማግሌው መካኒክ ብስክሌቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ፔዳሉ የሚገባበት የብረት ክንድ ውስጡ ተበልቶ እንደ ሸክላ ቀዳዳ ለስልሷል። "ማን ነው ይህን የገጠመ?" አሉ። ረዳታቸው ወደ እኔ ጠቆመ። እኔም ያለ ምንም ማመንታት "ውሸቱን ነው፤ እሱ ነው" አልኩ። የኔ አጎት ሐኪም፣ የሱ አባት ደሃ። የታመንኩት እኔ ነኝ። ልጁ በዚያው ቀን ተባረረ።

ነገሬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ያን ቀን በእጄ ያበላሸሁት የግራ ጥርስ ከየት መጣ? ማን ነው ለግራው የተለየ ጥርስ ያወጣለት? ብሎንስ ለምን ይበላል፣ ለምን ይቆረጣል? በጉልበት ማነስና መብዛት ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ብዙውን ጊዜ ብሎን የሚበላሸው ሁለት የማይተዋወቁ ጥርሶችን በግድ ስናጋባ ነው።

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት እያንዳንዱ ወርክሾፕ ብሎንና ዳዶውን በራሱ ልክ ነበር የሚሠራው። የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይሆንም። ማሽን ሲፈታ የትኛው ዳዶ የየትኛው ብሎን እንደሆነ ምልክት ካላደረጉበት ጉድ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዊትወርዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከብዙ ወርክሾፖች ብሎኖች ሰብስቦ ለካቸውና መካከለኛውን ወሰደ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ይሁን፣ ለዚህ ውፍረት በአንድ ኢንች ይህን ያህል ጥርስ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እንግሊዝ ቀስ በቀስ ተቀበለችው።

በ1864 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊልያም ሴለርስ የተባለ አሜሪካዊ በፊላደልፊያ ተነሥቶ "55 ዲግሪ ለመሥራትም ለመለካትም ያስቸግራል፤ 60 ይሻላል" አለ። 60 ዲግሪ የእኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ማዕዘን ነው፤ ስምንተኛ ክፍል የተማራችሁት። በ1898 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አገሮች ዙሪክ ላይ ተሰብስበው የሜትሪክ ጥርስ ላይ ተስማሙ፤ እሱም 60 ዲግሪ ነው። እንዲህ እያለ ዓለም በሁለት በሦስት ጎራ ተከፈለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና አሜሪካ በአንድ ወገን እየተዋጉ የአንዱ ብሎን ለሌላው መኪና አልሆን ብሎ ተቸግረዋል። ከካናዳ ጋር ሆነው አንድ የጋራ ጥርስ የፈረሙት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. ነው።

ብስክሌት ደግሞ የራሱ ዓለም ነበረው። የዊትወርዝ ጥርስ ለእንፋሎት ሞተር እንጂ ለቀጭን የብስክሌት ብረት ጥልቅና ሻካራ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ብስክሌት መሐንዲሶች በ1902 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ደቃቅ ጥርስ አወጡ። አብዛኛው በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ ነው። ይህችን 26 ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ ግራ ጥርስ። እስክሪብቶ አንሡ። በጡጫችሁ ላላ አድርጋችሁ ያዙትና ጫፉን በሌላ እጃችሁ ክብ እያደረጋችሁ ወደ ቀኝ አዙሩት። እስክሪብቶው ጡጫችሁ ውስጥ ወደ ግራ ሲሽከረከር ይሰማችኋል። ፔዳልም እንዲሁ ነው። እግራችን ሁልጊዜ ወደ ታች ይጫናል፣ ክንዱ ደግሞ ይዞራል። ስለዚህ ከክንዱ አንጻር ካየነው ጭነቱ በፔዳሉ ዘንግ ዙሪያ ይዞራል፤ ዘንጉም በቀዳዳው ውስጥ በተቃራኒው በጥቂት በጥቂቱ ይንከባለላል። በቀኝ በኩል ይህ መንከባለል የቀኝ ጥርስን ያጠብቃል። በግራ በኩል ግን የቀኝ ጥርስ ቢሆን ኖሮ እየፈታው ይሄዳል። ለዚህ ነው የግራው ፔዳል ወደ ግራ የሚጠብቀው። የሚገርመው ኃይሉ እጅግ ትንሽ ነው፣ ግን አይታክትም። እኔ በረጅም ቁልፍ ያስገባሁትን የአጎቴ እግር በሦስት ቀን አስወጣው።

ይህን ብስክሌት ሠሪዎች የተማሩት ከብዙ መውደቅ በኋላ ነው። አውሮፕላን የሠሩት ራይት ወንድማማቾች እኮ የብስክሌት መካኒኮች ነበሩ፤ በ1892 እ.ኤ.አ. ዴይተን ኦሃዮ ሱቅ ከፍተው ብስክሌት ይጠግኑና ይሸጡ ነበር። በ1903 እ.ኤ.አ. የበረረው አውሮፕላናቸው መዘውሮቹን ያዞር የነበረው በሰንሰለት ነው። ከሰማይ በፊት ብሎን ነበር ማለት ነው።

የፔዳሎቹ ክንዶች የሚይዙት ትልቁ ዘንግ ያለበት ቦታም የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዞች በሰንሰለቱ በኩል ያለውን ክዳን የግራ ጥርስ አደረጉለት። ጣልያኖች ግን ሁለቱንም በኩል የቀኝ ጥርስ አደረጉት። ስለዚህ የጣልያን ብስክሌት ያ ክዳን የመላላት ጠባይ አለው፤ ከበድ አድርጎ ማጥበቅ ይፈልጋል። የጣልያኑን የለመደ መካኒክ የእንግሊዙን ሲያገኝ "ፍታ" ብሎ ያጠብቀዋል። የእንግሊዙን የለመደም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ወደኛ አገር እንዴት ገባ? መልሱ አፋችን ላይ ነው። ጋራዥ ስትገቡ ካቻቢቴ ትላላችሁ፤ ጣልያንኛ ነው። ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቶርኖ፣ ዳዶ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፤ ሁሉም ከጣልያን አፍ የወጡ ናቸው። ብሎን ራሱ ቡሎኔ ነው። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቃሎቹና መሣሪያዎቹ ግን ቀሩ። በአስመራ በኩልም የጣልያን ብስክሌትና የውድድር ፍቅር ገባ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በቆመችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ ከሯጮቻችን ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩን፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ባዶ እግሩን ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከጣልያን በኋላ የእንግሊዝ ብስክሌት መጣ፤ ኖቲንግሃም ይሠራ የነበረው ራሌ። ከዚያ የህንድ፣ ከዚያ የቻይና። የሻንጋዩን ፎኒክስ የማያውቅ አለ? በ1950 እ.ኤ.አ. ቲያንጂን ላይ መመረት የጀመረው ፍላይንግ ፒጅን ደግሞ በእንግሊዙ ብስክሌት አምሳል የተሠራ ነው። ስለዚህ ያቺ 26 ጥርስ ከእንግሊዝ ቻይና፣ ከቻይና ወደኛ መጣች። በመጨረሻም የሜትሪኩ ዘመናዊ ብስክሌት ማርሹን አስከትሎ ደረሰ።

የሽማግሌው መካኒክ ሱቅ ውስጥ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ ብሎንና ዳዶ ብቻ ነው። ጣልያን፣ እንግሊዝ፣ ህንድ፣ ቻይና አንድ ላይ ተቀላቅለው። ከአዲስ አበባ መለዋወጫ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? ከቆርቆሮው ይፈለጋል፣ "ሊሆን ይችላል" ይባላል፣ ይሞከራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩን እዩት። በአንድ ኢንች 26 ጥርስ ማለት ከጥርስ ጥርስ ያለው እርምጃ 0.977 ሚሊ ሜትር ነው። የሜትሪኩ ደቃቅ ጥርስ እርምጃ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 0.023። በዓይን አይታይም፣ በጥፍርም አይታወቅም። የእንግሊዙ ባለ 5/16 ኢንች ዘንግ ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሜትሪኩ 8። የሜትሪኩን ዳዶ በእንግሊዙ ዘንግ ላይ ብታዞሩት ሁለት ሦስት ዙር እንደ ቅቤ ይገባል። ከዚያ ልዩነቱ እየተደመረ ይከብዳል። እኛ ደግሞ "ጠበቀ" ብለን ደስ ይለናል፣ ወይም "ዝጎ ነው" ብለን ቁልፍ እናስረዝማለን። በዚህ መሃል ደካማው ጥርስ ተላጠ። ፔዳልም ላይ እንዲሁ ነው። የእንግሊዙ 9/16 ኢንች ነው፣ 14.29 ሚሊ ሜትር። የድሮው የፈረንሳይ 14 ሚሊ ሜትር። የፈረንሳዩ በእንግሊዙ ክንድ ውስጥ ገብቶ ይይዛል፤ ግን ላላ ብሎ ነው የሚይዘው።

ጨርሶ የማይመሳሰል ነገር አይጎዳንም፤ ገና በጠዋቱ እምቢ ይለናል። የሚጎዳን ሊመሳሰል ትንሽ የቀረው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የተረፈኝን፣ ከሽማግሌው ያየሁትንና በኋላ በፊዚክስ የገባኝን ልንገራችሁ። ልጆቻችሁ ብስክሌት ካላቸው አሳዩአቸው።

መጀመሪያ ብሎን በእጅ ነው የሚጀመረው። ቁልፍ የሚመጣው በኋላ ነው። ብሎኑን ቀዳዳው ላይ አስቀምጣችሁ በቅድሚያ በሚፈታበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የጥርሶቹ አፍ ሲገናኝ ቀጭ ትላለች። ከዚያ ወደሚጠብቅበት መልሱት። ቢያንስ ሦስት አራት ዙር በጣት ካልሄደ አውጡት። ሽማግሌው ሁልጊዜ በኦሮምኛ "ሱታ! ሱታ!" ይሉ ነበር፤ ቀስ! በጣት እምቢ ያለ ብሎን የሚነግራችሁ ነገር አለ። ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ተንጋዷል፣ ወይ የሌላ አገር ነው።

ሁለተኛ፣ የቁልፉን ርዝመት አክብሩ። ትንሽ ብሎን ትንሽ ቁልፍ የተሰጠው ብረት ለመቆጠብ አይደለም፤ ጉልበታችሁን ለመገደብ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ምን ማለት ነው? 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ጤፍ እንደማንጠልጠል ነው። በዚያው ቁልፍ ላይ ግማሽ ሜትር ቧንቧ ሰክታችሁ ያንኑ 5 ኪሎ ብታንጠለጥሉበት 25 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በቃ፣ ተቆረጠ። ፔዳል ግን 35 እስከ 40 ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የፔዳል ቁልፍ ረጅም የሆነው።

ሦስተኛ፣ የጠበቀ ብሎን ማለት የተለጠጠ ምንጭ ማለት ነው። ተለጥጦ ወደ ኋላ ለመመለስ ስለሚታገል ነው ሁለቱን ብረት አጣብቆ የሚይዘው። ነገር ግን ከምታወጡት ጉልበት ከመቶው 50 ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሱ ውስጥ በሰበቃ ያልቃል። ብሎኑን የሚለጥጠው 10 ብቻ ነው። ስለዚህ ዝገትና አሸዋ ካለበት ጉልበታችሁ ሁሉ በሰበቃ አልቆ የጠበቀ ይመስላችኋል፣ ግን አልጠበቀም። በደንብ የተቀባ ከሆነ ደግሞ በዚያው ጉልበት አብልጦ ይለጠጣል፤ እጃችሁን አለዝቡ። ሲጠብቅ የነበረ ብሎን ድንገት ከለሰለሰ ወዲያው አቁሙ። እየጠበቀ ሳይሆን እየሞተ ነው።

አራተኛ፣ ጥርሱ በቂ ይግባ። ብረት በብረት ከሆነ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ አሉሚኒየም ውስጥ ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ። ጭነቱ ለሁሉም ጥርስ እኩል አይደርስም፤ የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ሲሶ ያህሉን ይሸከማል።

አምስተኛ፣ ይህ ለወለጋ ልጆች ነው። ኑግ አገራችን ስለሆነ ብስክሌቱንም የኑግ ዘይት እናጠጣው ነበር። ተው! የኑግና የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። ዛሬ ያለሰለሰው ብሎን በዓመቱ ተጣብቆ ይገኛል። ግራሶ ይሻላል፤ ግራሶ ከጠፋ የሞተር ዘይት።

ስድስተኛ፣ በድሮዎቹ በነፎኒክስ ላይ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያይዝ ትንሽ ሽብልቅ ብረት አለ፤ ጫፉ ላይ ዳዶ አለው። ብዙ ሰው ዳዶውን በማጥበቅ ሽብልቁን ሊስበው ይሞክራል። ዳዶው ለዚያ አልተሠራም። ሽብልቁ ከታች ተደግፎ በመዶሻ ይገባል፤ ዳዶው እንዳይወጣ ይጠብቀዋል፣ ሥራው ይኸው ብቻ ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ ስንት ሽብልቅ ጥርሱን እንዳጣ ቤቱ ይቁጠረው።

ለሚፈታ ብሎንም እንዲሁ። የዛገ ብሎን ጋር አትጣሉ። ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅላችሁ አንጠባጥቡበትና አሳድሩት። ጠዋት ራሱን በመዶሻ ቆንጠጥ አድርጉት። ከመፍታታችሁ በፊት በጥቂቱ ወደሚጠብቅበት ነቅነቅ አድርጉት፤ ዝገቱ ይሰነጠቃል። ትንሽ ፈትታችሁ ትንሽ መልሱ። የቁልፉ አፍ ልኩን ይሁን፤ ሰፊ ቁልፍ ማዕዘኑን ይልጠዋል።

ፔዳል ደግሞ ቀላል ዘዴ አለው። ብስክሌቱን አቁሙትና ቁልፉን ከፔዳሉ ዘንግ በላይ ቀጥ አድርጋችሁ ግጠሙት። በሁለቱም በኩል የቁልፉን ጫፍ ወደ ፊተኛው ጎማ ስትገፉ ይጠብቃል፤ ወደ ኋላኛው ጎማ ስትገፉ ይፈታል። ግራም ቀኝም ማሰብ አያስፈልግም። ዘንጉ ላይም ምልክት አለ፤ የላቲኑ ኤል ግራ ነው፣ አር ቀኝ ነው። በ1968 ዓ.ም. በእጄ ይዤው የነበረው ፔዳል ላይም ያ ፊደል ነበር። አላየሁትም።

ከለቅሶው ማግስት ነቀምቴ ገባሁ። ያ የተባረረው ልጅ አሁን እዚያ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ የልጅ ልጆች አሉት። ለዓመታት በደጁ አልፌ አውቃለሁ፤ ሰላም ብዬውም አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኩት። እሱ የሚያውቀውን ነገር ነው የነገርኩት፤ ግን ከኔ አፍ ሰምቶት አያውቅም።

ዝም አለ። እጁ ብሎን እየለየ ነበር፤ አላቋረጠም። ቆይቶ "ስንት ዙር ገባልህ?" አለኝ።

"አራት፣ አምስት።"

"ስመለስ እኮ ነካ ነካ አድርጌ አይቼው ነበር። ጠብቋል። 'ጥሩ ነው፣ ሂድ' አልኩህ። ታስታውሳለህ?"

አላስታውስም ነበር።

"ውሸትህ ከሥራ አስወጣኝ። ስሜንም 'ጥርስ በላ' አስብሎ ብዙ ዓመት አስጠራኝ። እሱ ያንተ ነው፤ የኔ ነው ብዬ አልወስድልህም። ቀኙ ግራው ላይ መግባቱን ሳላይ 'ሂድ' ያልኩት ግን እኔ ነኝ። አጎትህ ሲወድቅ የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።" ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ጥንድ ፔዳል አወጣ። "ከዚያን ቀን ወዲህ ፊደሉን ሳላሳይ ለማንም ሸጬ አላውቅም" አለኝ። እውነትም አንድ ወጣት ሊገዛ ሲመጣ አየሁት። ፔዳሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እየጠቆመ "ይሄ ቢታ፣ ይሄ ሚርጋ" አለው። ግራና ቀኝ።

ልወጣ ስል "አንተ አስተማሪ አይደለህ? ጻፈው እንጂ። ስሜን ግን ተው" አለኝ። ስሙን ትቼዋለሁ።

የጉቴው ልጅ ብስክሌቱን ነድቶ ሲሄድ ቧንቧውን መንገድ ዳር ጥሎት ሄደ። አነሣሁት፤ አሁን ቤቴ ነው ያለው።

መልካም ቅዳሜ። ብስክሌት ያለው ሁሉ ዛሬ ወጥቶ የፔዳሉን ፊደል ይይ።